የጓሮ ተኩስ ፈቃድ ይጠይቅ

በብሪታንያ ብርዱ ሲከብድም የአየር ጠመንጃ ወዳጆች በጓሯቸው ዒላማ ተክለው ይተኩሳሉ። ስፖርቱ የተከበረ ነው፤ የ10 ሜትር ውድድሩ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በኦሊምፒክ አለ። የዒላማው እምብርት ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትንፋሽን መቆጣጠር ግድ ይላል።

ቅዝቃዜው መሣሪያውንም ይፈትናል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚሠሩት ጠመንጃዎች፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ገደማ የሚደርሰው የጋዙ ግፊት በዜሮ ዲግሪ ወደ 35 ይወርዳል፤ ጥይቱም ከታለመለት ዝቅ ብሎ ያርፋል።

የጎረቤት ስጋት ግን ሌላ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ለአየር ጠመንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ በእንግሊዝ ግን አነስተኛ ኃይል ያለውን ጠመንጃ አዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ ይገዛል። እርግጥ ነው፣ ጥይት ከአጥር ማሳለፍ ወንጀል ነው። ይሁንና ሕጉ የሚደርሰው ጥይቱ ካለፈ በኋላ ነው! ከአጥሩ ማዶ ሕፃናት ይጫወታሉና እንግሊዝም የስኮትላንድን መንገድ ልትከተል ይገባል።