የሰማይ ወሬና የምድር ማስረጃ

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር መጀመሪያ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ እሳት መሳይ ብርሃን ሲያልፍ ታየ። ያዩት ሰዎች በእጅ ስልካቸው ቀረጹት፤ ምስሉም ከቦታ ቦታ ተዛመተ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነገሩ የጠፈር ፍርስራሽ ወይም ተወርዋሪ አለት ሊሆን እንደሚችል ገለጠ። እንዲህ ያለ ነገር በታየ ቁጥር ግን ሌላ ወሬ ይከተለዋል። አንዳንዱ «ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ኃያላን መንግሥታት በምሥጢር የያዙት የጠፈር ሥራ ነው፤ እያወቁ ይደብቁናል» ይላል። በወላይታ ሶዶ ገበያም ሆነ በትምህርት ቤት ግቢ ይህን የሚያወራ አይጠፋም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። መንግሥታት ምሥጢር መያዛቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ምሥጢር መኖሩ ብቻውን የምሥጢሩን ይዘት አያስረዳም።

በመጀመሪያ፣ ወሬውን የሚያምኑትን ሰዎች ሞኞች ናቸው ብሎ ማለፍ አይገባም። ጥርጣሬያቸው መሠረት አለውና። ለምሳሌ ያህል አስመራ በኢትዮጵያ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን በከተማይቱ ቃኘው የተባለ የአሜሪካ ጦር የራዲዮ ጣቢያ ነበር። በዚያም እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 «ስቶንሃውስ» በሚል ስም የሚጠራ የምሥጢር ሥራ ይካሄድ ነበር። አንዱ 26 ሜትር፣ ሁለተኛው 46 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ግዙፍ አንቴናዎች፣ ሶቪየት ኅብረት ወደ ሩቅ ጠፈር የላከቻቸው መንኮራኩሮች ወደ መሬት የሚያስተላልፉትን የራዲዮ መልእክት ይጠልፉ ነበር። አስመራ የተመረጠችው በከፍታዋ ብቻ አይደለም፤ በኬንትሮስ በክራይሚያ ከነበረው የሶቪየት ጣቢያ ጋር ስለምትቀራረብ፣ መንኮራኩሩ ከክራይሚያ ጋር በሚገናኝበት ሰዓት ከአስመራም ሆኖ ማዳመጥ ይቻል ስለነበር ነው።

እንግዲህ በአገራችን ምድር ላይ በእርግጥ የተደበቀ የጠፈር ጉዳይ ነበር። ይሁን እንጂ ምሥጢሩ በኋላ ሲገለጥ የተገኘው የሌላ ዓለም ፍጡር አልነበረም፤ የሁለት መንግሥታት ፉክክር ነበር። የተገለጠውም በወሬ ሳይሆን፣ ሥራውን ያካሄደው መሥሪያ ቤት ለሕዝብ በከፈታቸው ሰነዶች ነው።

በአሜሪካ አገር በሮዝዌል የሆነውም ከዚህ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1947 በኒው ሜክሲኮ አንድ ፍርስራሽ በተገኘ ጊዜ ጦሩ «የአየር ጠባይ መከታተያ ፊኛ ነው» አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን የአሜሪካ አየር ኃይል፣ ፍርስራሹ የሶቪየትን የኑክሊየር ሙከራ ከሩቅ ለማዳመጥ ከተሠሩ የምሥጢር ፊኛዎች የመጣ መሆኑን አስታወቀ። የመጀመሪያው መልስ እውነቱን ሸፍኖ ስለነበር ለወሬው በር ከፈተለት። ከዚህ የምንረዳው፣ መንግሥት እውነትን በደበቀ ቁጥር ለሐሰት ወሬ ማደጊያ እንደሚያዘጋጅ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «ያልታወቀ» የሚለውን ቃል ይመለከታል። የአሜሪካ አየር ኃይል «ብሉ ቡክ» በተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1969 የሰበሰባቸው ሪፖርቶች 12,618 ነበሩ። ከእነዚህ መካከል 701 ያህሉ ምንነታቸው ሳይታወቅ ቀርቷል። ወሬኞች ይህን ቁጥር እንደ ድል ይጠቅሱታል። ነገር ግን ያልታወቀ ማለት ያልታወቀ ማለት ብቻ ነው። በሌሊት በር ያንኳኳውን ሰው ማንነት አላወቅንም ማለት ንጉሥ መጥቶ ነበር ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው የአስተሳሰብ ስሕተት ግን ሌላ ነው። «ማስረጃው የት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ተደብቋል» የሚል መልስ ይሰጣል። መንግሥት ቢክድ ክሕደቱ ማስረጃ ይሆናል፤ ዝም ቢልም ዝምታው ማስረጃ ይሆናል። ምንም ዓይነት መልስ ሊያፈርሰው የማይችል አባባል፣ ምንም ዓይነት መልስ ሊያጸናውም አይችልም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረታችን ትክክል ነው፤ ሆኖም መጠርጠር ያለበት የመንግሥት ቃል ብቻ ሳይሆን የወሬኛውም ቃል ነው።

ታዲያ አንድ ተማሪ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ቆሞ እንዲህ ያለ ብርሃን ቢያይ ምን ማድረግ ይችላል? መቍጠር ይችላል። ተወርዋሪ አለት ወደ ከባቢ አየር የሚገባው በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። የሳተላይት ወይም የሮኬት ፍርስራሽ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እየተሰባበረ ቀስ ብሎ ሰማዩን ያቋርጣል፤ አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ የታየበትን የሰከንድ ብዛትና የስብርባሪውን ቍጥር መዝግቦ፣ በሌላ ስፍራ ሆኖ ካየ ሰው መዝገብ ጋር ማስተያየት ከመቶ ወሬ ይበልጣል። ይህ ልማድ ለወላይታ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የወላይታ አባቶች የጊፋታን በዓል ቀን የሚወስኑት የጨረቃን መውጣትና መጉደል ተከታትለው፣ ቆጥረውና ተመካክረው ነው።

በመጨረሻም ወሬው የሚያደርሰው ጉዳት ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ተገቢውን ጥያቄ ያስረሳል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቻይና ከሚገኘው ከታይዩዋን ጣቢያ ወደ ጠፈር አምጥቃለች። ሳተላይቷ 72 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ስትሆን፣ ዓላማዋ ለእርሻ፣ ለደንና ለውሃ ሀብት ጥናት የሚያገለግሉ ምስሎችን ማንሣት ነበር፤ መቆጣጠሪያዋም በእንጦጦ ተተከለ። ይህ ሁሉ በግልጽ የተነገረ ነው። ስለዚህ በግልጽ ልንጠይቀው ይገባል፤ ወጪው ምን ያህል ነበር? ምስሎቹስ ለወላይታ ገበሬ ማሳ ምን ጠቀሙ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሊገኝላቸው የሚችል፣ መልሱም ሊመረመር የሚችል ጥያቄዎች ናቸው። የተደበቀውን ብቻ ሲያሳድድ የሚኖር ሰው፣ በፊቱ የተቀመጠውን ሳይጠይቅ ይቀራል። መንግሥትንም የሚያሳስበው በማስረጃ የሚጠይቅ ዜጋ እንጂ በወሬ የሚደነቅ ዜጋ አይደለም።