ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄዱትን ልጆቻችንን ማን ይምራቸው?





ከልጆቻችን አንዱ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ባገኘ ጊዜ በየቤቱ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። በግ ይታረዳል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ በርበሬውና ሽሮው በላስቲክ ተጠቅልሎ በሻንጣ ይከተታል፤ ሽማግሌዎችም «አደራ፥ አገርህን እንዳትረሳ» ብለው መርቀው ይሸኛሉ። ይህ ኹሉ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ልጁ በዚያ ታላቅ ከተማ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚነግረው አንድ ሰው እንኳ በድግሱ ላይ አይገኝም።

እኔ ራሴ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ በርሊን ሄጄ ነበር። በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ት/ቤት ስለ ሆነ የሹካና የቢላዋ አያያዝ፥ በሰዓት መገኘትና በፈረንጅ ቋንቋ ማመስገን አውቅ ነበርና «ምን ይቸግረኛል?» የሚል ትዕቢት ነበረኝ። ትዕቢቱ የቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በዚያ ከተማ የባቡር ጣቢያ መግቢያ ላይ ቲኬት የሚያይ ዘበኛም መዝጊያም የለም። ቲኬቱን ገዝቶ በመሣፈሪያው ላይ በቆመው መሣሪያ ማስመታት የተሳፋሪው ፈንታ ነው። እኔ ገዛሁ እንጂ አላስመታሁም፤ ተቈጣጣሪዎቹም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ለብሰው አጠገቤ ተቀምጠው ኖሮ 60 ዩሮ ቀጡኝ። በመጀመሪያው እሑድ ዳቦ ልግዛ ብዬ ብወጣ የሠፈሩ ሱቅ ኹሉ ተዘግቶ አገኘሁት፤ በጀርመን አገር እሑድ የመገበያያ ቀን አይደለምና። ከተማውን በሚዞረውም ባቡር 41 ቍጥሩ እንደ ሰዓት ዘንግ፥ 42 ቍጥሩ በተቃራኒው እንደሚሄድ ሳላውቅ ተሳፍሬ፥ መውረጃዬንም ስለ ሳትሁ፥ አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሬ ከተነሣሁበት ጣቢያ ተመለስሁ።

እነዚህ ግን ዛሬ የሚያስቁ ናቸው። የማያስቀው የቤት ነገር ነው። በዚያ አገር ሕግ ወደ አንድ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሠፈሩ ጽ/ቤት ሄዶ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ ለመመዝገብም አከራዩ «እኔ ዘንድ ገብቷል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያሻል። ያ ምዝገባ ከሌለ የመኖሪያ ፈቃዱም፥ የግብር ቍጥሩም፥ ሌላውም ጕዳይ ይሰነካከላል። በርሊን ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ ያለባት ስለ ሆነች ቤት እጅግ ጠፍቷል፤ የተማሪዎች ማደሪያም ወረፋው ረጅም ነው። አጭበርባሪ የሚያጠምደው በዚህ ነው። በኢንተርኔት የሚያምር ክፍል ያሳያል፤ «እኔ ለጊዜው ከአገር ውጭ ነኝ፤ ማስያዣውን ላክልኝና ቍልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» ይላል።

ከተማሪዎቼ አንዱ፥ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ፥ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት እዚያው በርሊን ሲገባ ያገኘው ይህን ነው። 900 ዩሮ አስቀድሞ ልኮ ነበር። ሻንጣውን እየጎተተ በተሰጠው አድራሻ ሄዶ ደወሉን ቢደውል አንዲት አሮጊት ከፍተው፥ እንኳን ተከራይ ሊጠብቁ፥ ነገሩን ሰምተውት እንደማያውቁ ነገሩት። ከዚያ ወዲያ አራት ወር በአገሩ ልጆች ቤት ወለል ላይ እየተዘዋወረ አደረ። የሚፈርምለት አከራይ ስለሌለ አልተመዘገበም፤ በታኅሣሥም በዚያ አገር ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ይጨልማልና ሌሊቱና ሐሳቡ ረዘሙበት። ለእናቱ ግን በስልክ «ክፍሌ ሰፊ ነው፤ መስኮቱም ወደ አትክልት ቦታ ነው» ይላቸው ነበር። ለእኔ እውነቱን የነገረኝ የፈተናውን ጊዜ ካሳለፈ በኋላ ነው። ለምን ደበቅህ ብለው፥ «በግ ታርዶልኝ የሄድሁ ሰው ምን ብዬ ልናገር?» አለኝ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጁን ያሞኘው አጭበርባሪ ነው፤ አፉን የዘጋነው ግን እኛ ነን። በዚያው ወራት ለታናሽ ወንድሙ ሠርግ ገንዘብ እንዲልክ ተጠይቆ ነበር። ዘመድ ዩሮውን በብር መንዝሮ ልጁን ባለጠጋ ያደርገዋል። በራሱ ወጪ ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከመስከረም 2024 ወዲህ፥ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ እንዳለበት፥ ከዚያም በወር የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ብቻ እንደ ሆነ፥ ከዚሁም የቤት ኪራይና ግዴታ የሆነው የጤና መድን እንደሚከፈል ማን አስረዳን? ሥራም ቢያገኝ ሕጉ የሚፈቅድለት በዓመት 140 ሙሉ ቀን ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሰው በችግር ይማራል፤ እኛም ማንም ሳይመራን ተምረናል» ይሉኛል። ብርዱንስ ይማረው፤ እኔም ተምሬበታለሁ። ነገር ግን የቤተሰብን ጥሪት ለሌባ መስጠት ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ጦቢት ልጁን ጦብያን ወደ ሜዶን አገር ሲልክ መንገድ የሚያውቅ ሰው እንዲፈልግ አዘዘው፤ ለመሪውም ደመወዝ ሊከፍል ተስማማ። ያውም የአንድ ጊዜ ጕዞ ነበር።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰዎች በየከተማው አሉ፤ ፎቶግራፋቸውን ከማሳየት ጋር የተቀጡትንና የተታለሉትንም ይንገሩ። ት/ቤቶችም ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲቀመጡ ይፍቀዱላቸው። ወላጆችም በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ አይጠይቁ፤ «እንዴት ነህ?» ብለው ከጠየቁም በኋላ መልሱ ደስ የማያሰኝ ቢሆን ለመስማት ይታገሡ።

እኔ በበኩሌ ባለፈው ቅዳሜ ጀምሬአለሁ። አምስት ተማሪዎችና አንዲት እናት መጡ። ተማሪዎቹ ስለ ቪዛ ብዙ ጠየቁኝ። እናቲቱ ግን እስከ መጨረሻ ዝም ብለው ቆይተው፥ «እንግዲህ ቤቱን ሰው ሄዶ በዓይኑ ሳያየው ገንዘብ አይላክም ማለት ነዎይ?» አሉኝ። አዎን ብላቸው ልጃቸውን በደብተሩ ላይ አስጻፉት።

አክባሪዎ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት መምህር