የኬላ ገንዘብና የከተማ ሥራ

ከተማ የሚያሰኘው የቤት ብዛት ብቻ አይደለም። ብዙ ሕዝብ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ሲኖር አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይችለው፥ ሁሉም ግን የሚፈልገው ሥራ ይበዛል፤ ይኸውም ንጹሕ ውሃ፥ መንገድ፥ የጎርፍ ቦይ፥ መብራትና የጥራጊ ማስወገጃ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ሎሚውን ማን ይሰበስባል፥ ማን ይቆጥራል፥ ለምንስ ሥራ ይውላል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ ሸክሙ ይቀራል እንጂ ጌጡ አይገኝም።

ለዚህ ነገር ይፋግ ጥሩ ምስክር ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ይፋግ ከጎንደር በስተ ደቡብ፥ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ በሚያልፈው የነጋዴ መንገድ ላይ ታላቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨውና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የጫኑ ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር፤ ኬላም ስለ ቆመባት ቀረጥ ይከፈልባት ነበር። እንደ ዘመኑ ሥርዓት የኬላው ገንዘብ የገዥው ነበር እንጂ የገበያይቱ አልነበረም። ተረክቦ ለቦታዪቱ ሥራ የሚያውለው ማዘጋጃ ቤትም ገና አልታሰበም። በኋላ ግን የፎገራ ሜዳ ንግድ መንገዶች ወደሚገናኙባት ወደ ወረታ ተሳበ፤ ይፋግም ትንሽ ከተማ ሆና ቀረች። ይህን ያህል ዘመን ቀረጥ ከተከፈለባት በኋላ ስሟ በታሪክ ቀረ፤ ቀረጡ ግን ለእርሷ ያቆመላት ሥራ ይህ ነው ተብሎ አይጠቀስም።

ኬላ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1666 በእሳት በተቃጠለች ጊዜ ወደ ከተማዪቱ በሚገባው የድንጋይ ከሰል ላይ ቀረጥ ተጣለ፤ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልና ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ገንዘብ ታነጹ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምዝ ወንዝ በፍሳሽ ተበክሎ ሽታው ሰውን ባስጨነቀ ጊዜ ታላቁ የፍሳሽ መውረጃ ሥራ ተጀመረ፤ የወንዙም ዳር ግንብ በከሰሉ ቀረጥ ተሠራ። ስለዚህ በይፋግና በለንደን መካከል ያለው ልዩነት ቀረጥ በመሰብሰቡና ባለመሰብሰቡ አይደለም፤ ገንዘቡ አስቀድሞ በሕግ ለታወቀ ሥራ በመመደቡና ባለመመደቡ ነው።

የገቢው ምንጭ አንድ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ታላቅ ከተማም ይወድቃል። ዲትሮይት የተባለችው የአሜሪካ ከተማ በአውቶሞቢል ፋብሪካ በልጽጋ እ.ኤ.አ. በ1950 ሕዝቧ ከ1.8 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። ፋብሪካውና ሰዉ እየለቀቀ ሄዶ 700 ሺህ ያህል ሲቀር ግብር ከፋዩ አነሰ፤ ዕዳው ግን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2013 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ይዛ ኪሣራዋን ለፍርድ ቤት አስታወቀች፤ ከመንገድ መብራቶቿም 40 በመቶ ያህሉ አይበሩም ነበር።

በኢትዮጵያ ለከተሞች ገቢና አስተዳደር በየዘመኑ ሕግ ወጥቷል። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ታወጀ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በ1968 ዓ.ም. የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ተወሰነ፤ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ተከተለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ከቦታና ከቤት ዋጋ ለሚገኝ የከተማ ገቢ በር ከፈተ።

ከእነዚህ ሁሉ ለሹማምንት እጅግ የሚቀለው የሊዝ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ በብዛት ይገባልና። ዳሩ ግን መሬት እየተላለፈ ሄዶ የሚያልቅ ነገር ነው፤ መንገድና ቦይ ግን በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል። ቦታ ሸጦ ጥራጊ ማስጠረግ የዘር እህል ፈጭቶ እንደ መብላት ነው።

ወረታ ይህን አስቀድማ ልታስብበት ይገባል። ከ1970ዎቹ ወዲህ በፎገራ የተስፋፋው ሩዝ መፈልፈያዎችንና ነጋዴዎችን ስቦላታል፤ ወደ ጎንደር፥ ወደ ባሕር ዳርና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪናም ይገናኝባታል። ሜዳው ግን ያው ሜዳ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን አገር ያጥለቀለቁበት ጊዜ አልተረሳም። የገበያ ዘመን በሚበዛበት ጊዜ ቦይ ያልቆፈረ ከተማ ንግዱ ወደ ሌላ መንገድ በዞረ ጊዜ በምን ይቆፍራል?

የሂሳቡን ነገር መጽሐፈ ነገሥት በይሁዳ ንጉሥ በኢዮአስ ታሪክ አስቀድሞ አስተምሯል። ካህናቱ ከሕዝቡ ገንዘብ እንዲቀበሉና የቤተ መቅደሱን ፍራሽ እንዲጠግኑ ታዝዘው ሳለ እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ ፍራሹ አልተጠገነም። በኋላ ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተነደለ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ገንዘቡም በበዛ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቆጥረው ሥራውን ለሚያሠሩት ይሰጡ ነበር፤ እነርሱም ለአናጢውና ለግንበኛው ይከፍሉ ነበር። ሥራው ያን ጊዜ ተከናወነ። የሰዎቹን ጠባይ የለወጠ አዲስ ስብከት አልነበረም፤ የተለወጠው ሥርዓቱ ነው፤ ሣጥኑ ለሁሉ የሚታይ፥ ቆጣሪው ሁለት፥ ሥራውም የታወቀ ሆነ።

የከተማ ሹማምንትም እንዲሁ ሊያደርጉ ይገባል። ከገበያው፥ ከቤቱና ከቦታው የተሰበሰበው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነና ለየትኛው ቦይ፥ ለየትኛው መንገድ እንደ ዋለ በየዓመቱ በአደባባይ ቢነገር፥ ግብር ከፋዩ የሚከፍለውን ከሚያየው ጋር ለማስተያየት ይችላል። የሚያየው ነገር ካለ መክፈሉን አይጠላም። ካህናትም ሕዝቡ ግብሩን በእውነት እንዲከፍል ሲመክሩ፥ ሹሙም ሂሳቡን በእውነት እንዲያሳይ ቢመክሩ ምክራቸው በሁለቱም ወገን ይሰማል።