መድኃኒት የማይበግረው የሚጥል ሕመም፦ ምርምሩ የት ደረሰ? ለእኛስ ምን ይነግረናል?

የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው የሌለበት ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል። ምድጃ ዳር ወድቃ የተቃጠለች እናት፣ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ወንዝ የወሰደው ወጣት፣ ክፍል ውስጥ ስለወደቀ ብቻ ከትምህርት ገበታ የቀረ ልጅ ታሪክ በየመንደሩ ይሰማል። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በየቀኑ በሚወሰድ ክኒን ጤናማ ኑሮ መኖር የሚችሉ ናቸው። ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሕሙማን ግን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እየወሰዱም ሕመሙ ይነሣባቸዋል። የዓለም የነርቭ ሕክምና ተመራማሪዎች ላለፉት ዐሥርት ዓመታት የአንጎል ቀዶ ሕክምናንና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማነቃቂያዎችን ሲፈትሹ የቆዩት በዋናነት ለእነዚህ ሰዎች ነው።

አንጎል ሥራውን የሚያከናውነው በነርቭ ሕዋሳት መካከል በሚመላለስ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ይህ ምልክት በድንገትና ከልክ በላይ ሲነሣ ሰውየው ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ለአፍታ ፈዝዞ ይቀራል። ሕመሙ በንክኪም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ ከእነዚህም 80 በመቶ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት የሚገኙ ናቸው። በአግባቡ ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሕመሙ ሳይነሣባቸው መኖር ይችሉ ነበር።

ቀሪዎቹስ? በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ 525 ሕሙማንን በመከታተል የተሠራና በአውሮፓውያኑ 2000 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ሰጥቷል። ከዚያ ቀደም ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት ሕሙማን መካከል 47 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያው፣ 13 በመቶ ደግሞ በሁለተኛው መድኃኒት ሕመሙ ተወግዶላቸዋል። በሦስተኛ መድኃኒት ወይም መድኃኒቶችን በማጣመር የተሳካላቸው ግን 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ዓይነት ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ የሚጥል ሕመምን የሚታገለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ማኅበር በ2010 አንድ መለኪያ አውጥቷል። በትክክል የተመረጡና በተገቢው መጠን የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ሕመሙን ካላስቆሙት፣ ሕመሙ መድኃኒት የማይበግረው ተብሎ ይመደባል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የወባ ዓይነት ነገር አይደለም፤ የሚለምድ ተሕዋስ የለምና። ከዚህም በላይ "መድኃኒቱ አልሠራልኝም" ከሚሉ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ እውነተኛው ችግራቸው ሌላ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው አልቆ ለሳምንታት የተቋረጠባቸው፣ ጠበል ሲገቡ ክኒኑን የተዉ፣ ሕመሙ ለጥቂት ወራት ስለጠፋ ድነናል ብለው ያቆሙ አሉ። መጠኑ ያነሰባቸው፣ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ሕመሙን የሚቀሰቅስባቸውም አሉ። አንዳንዴ ደግሞ የመድኃኒቱ ምርጫ ከሕመሙ ዓይነት ጋር አይገጥምም፤ ለምሳሌ ካርባማዜፒን ለአንዳንዱ የሕመሙ ዓይነት ፍቱን ሲሆን ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ወደ ውስብስብ ሕክምና ከመሻገር በፊት እነዚህ ሁሉ መጣራት አለባቸው።

ሁሉም ተጣርቶ ሕመሙ አሁንም የማይበገር ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀዶ ሕክምና ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የሕመሙ መነሻ በአንድ የአንጎል ቦታ ላይ የተወሰነ ከሆነና ያንን ቦታ ማውጣት ንግግርን፣ ትውስታን ወይም እንቅስቃሴን ክፉኛ የማይጎዳ ከሆነ ውጤቱ ከፍተኛ ነው። በካናዳ በ80 ሕሙማን ላይ የተካሄደውና በ2001 የታተመው ጥናት ሕመማቸው በጆሮ ግንድ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል የሚነሣ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ራስን የሚያስት ሕመም ያልተነሣባቸው ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት ግን 8 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ቀዶ ሕክምና ለማይቻልላቸው ሰዎች የአንጎል ማነቃቂያ ሌላ በር ከፍቷል። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት መሣሪያዎች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በግራ ደረት ቆዳ ሥር ተቀብሮ፣ በቀጭን ሽቦ አንገት ላይ ካለው ቬገስ ከሚባለው ነርቭ ጋር የሚገናኝ ነው። በየጥቂት ደቂቃው መጠነኛ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። በአሜሪካ በ1997 የተፈቀደ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የሕመማቸው ድግግሞሽ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንስላቸዋል። የድምፅ መጎርነንና ሳል የተለመዱ ጎናዊ ጉዳቶቹ ናቸው።

ሁለተኛው ሽቦው ወደ አንጎል ጥልቀት፣ ታላመስ ወደሚባለው የምልክቶች መተላለፊያ የሚገባ ነው። ይህንን የፈተሸው ዋና ጥናት 110 ሰዎችን አሳትፏል። መሣሪያው ለሁሉም ተተክሎ ለገሚሶቹ ብቻ ነበር የተከፈተው፤ ማን እንደተከፈተለት ሕሙማኑ አያውቁም ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በተከፈተላቸው ሰዎች የሕመሙ ድግግሞሽ ቅናሽ አማካይ 40 በመቶ፣ በሌሎቹ ደግሞ 14 ነጥብ 5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። እስከ አምስት ዓመት ክትትላቸውን በቀጠሉት ላይ ቅናሹ ወደ 69 በመቶ አድጓል። ሦስተኛው፣ በአሜሪካ በ2013 የተፈቀደው፣ በራስ ቅል ላይ ተገጥሞ የአንጎልን ምልክት ያለማቋረጥ የሚያዳምጥ ነው። የሕመሙ አነሣስ ሲጀምር ያነበበውን አይቶ በዚያው ቅጽበት ምት ይሰጣል። በዘጠኝ ዓመት ክትትል የታየው አማካይ ቅናሽ 75 በመቶ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በልክ ማንበብ ይገባል። የተነገረው ስለ መቀነስ እንጂ ስለ መዳን አይደለም፤ ሕመሙ ጨርሶ የሚጠፋላቸው ጥቂቶች ናቸው፣ ክኒኑም አይቆምም። መሣሪያዎቹ በሠለጠነ ባለሙያ እየተስተካከሉ መሄድ አለባቸው፤ የብዙዎቹ ባትሪም በዓመታት ውስጥ ሲያልቅ በቀዶ ሕክምና ይተካል። ዋጋቸውም ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ይሁን እንጂ በወር ሃያ ጊዜ ይወድቅ የነበረ ሰው አምስት ጊዜ ብቻ ሲወድቅ፣ ከእሳትና ከውኃ የሚጠበቅበት ዕድል ይጨምራል። የሚጥል ሕመም በየዓመቱ ከአንድ ሺህ አዋቂ ሕሙማን የአንዱን ሕይወት ድንገት ይቀጥፋል፤ ሕመማቸው በማይበገር ሰዎች ላይ ደግሞ አደጋው ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ቅነሳውም ዋጋ አለው።

ሌላው አማራጭ ቅባት የበዛበትና ካርቦሃይድሬት እጅግ ያነሰበት የተለየ አመጋገብ ነው። በለንደን በሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2008 የታተመ ጥናት፣ በዚህ አመጋገብ ከቆዩት 38 በመቶ የሚሆኑት የሕመማቸው ድግግሞሽ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። እንጀራ፣ ቆሎና ሽሮ የዕለት ምግብ በሆኑበት ቤት ግን ይህ ቀላል አይደለም፤ ያለ ሐኪም ክትትልም መሞከር የለበትም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት የተካሄደውና በ1990 እ.ኤ.አ የታተመው ጥናት ከአንድ ሺህ ሰዎች አምስት ያህሉ የሚጥል ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። በድሃ ሀገራት ካሉት ሕሙማን ሦስት አራተኛው ተገቢውን ሕክምና እንደማያገኙ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ከእኛ ሕሙማን ብዙዎቹ እንግዲህ መድኃኒት ያልበገረው ሕመም ሳይሆን መድኃኒት ያልደረሰው ሕመም ያለባቸው ናቸው። ፌኖባርቢታል የሚጥል ሕመምን እንደሚያስታግስ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከሁሉም ርካሹም እርሱ ነው። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶችን አሠልጥኖ ሕክምናውን ወደ ሕዝቡ የማቅረብ ሥራ ቀደም ብሎ ተሞክሮ እንደሚቻል ታይቷል። የሚያስፈልገው መድኃኒቱ ሳይቆራረጥ ከመንደር አጠገብ መገኘቱ ነው።

ይህ ማለት እውነተኛው የማይበገር ሕመም ያለባቸው ይረሱ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2022 ያጸደቀው ዕቅድ እስከ 2031 ድረስ 80 በመቶ የሚሆኑ ሕሙማን ተገቢና አቅምን ያገናዘበ መድኃኒት እንዲያገኙ ግብ አስቀምጧል። ይህ ሲሳካ ሁለት መድኃኒት ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው በግልጽ ይለያል፤ ወደ ነርቭ ሐኪም፣ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራና ኤም.አር.አይ ወዳለበት ሆስፒታል የሚላክበት መንገድም ሊዘረጋለት ይገባል። መሠረቱ ሳይጣል ጣራ አይቆምም።

ቤተሰብስ ምን ያድርግ? ሕመሙ የተነሣበትን ቀን መመዝገብ፣ ከተቻለም በስልክ ቀርጾ ለሐኪም ማሳየት ለምርመራው ትልቅ እገዛ ነው። መድኃኒት በድንገት ማቆም ብርቱና የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ጠበል የሚገባ ሰው ክኒኑን ጎን ለጎን መውሰዱን ይቀጥል። ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ጽንስን ስለሚጎዳ፣ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት አስቀድማ ከሐኪም ጋር ትመካከር። ሰው ሲወድቅ ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት ይገባል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም፤ በጥርሶቹ መካከል ማንኪያ ማስገባትም ይጎዳል። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ጊዜ ሳይባክን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።