ሩት ከማድረጋችን በፊት



በየዶርሙ ስልክ «ሩት» ማድረግ የጉብዝና መለኪያ እየመሰለ መጥቷል። እኔ ግን በየቀኑ የምንገለገልበትን ስልክ ሩት ማድረግ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ሩት ማድረግ ማለት የአንድሮይድን ሙሉ ሥልጣን በእጅ ማስገባት ነው። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ቡትሎደሩ ይከፈታል፤ ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ ደግሞ ኖክስ የሚባለው ጥበቃ አንዴ ከተሰበረ አይመለስም። ሩት የተደረገ ስልክ ላይ አንሠራም የሚሉ የባንክ አፖችም ብዙ ናቸው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ቤተሰቡ የሚልክለትን ብር በስልኩ ለሚቀበል ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ሩት የምናደርገው ለምንድን ነው? ከስልኩ ጋር የመጡ የማንፈልጋቸውን አፖች ለማስወገድ ከሆነ፣ ኮምፒውተርና የዩኤስቢ ገመድ ካለ በኤዲቢ ይቻላል። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ደግሞ ሺዙኩ የተባለው አፕ ያለ ኮምፒውተር ይህንኑ ሥልጣን ለሌሎች አፖች ያውሳል። ዓይን የሚያሳፍር ማስታወቂያ ለማገድ ከሆነ፣ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ያለው ፕራይቬት ዲኤንኤስ ብዙውን ያስቀራል። የአዛን አፕ በሰዓቱ አልሰማ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ገደቡን ማንሳት ይበቃል።

«ሺዙኩ ስልኩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር እንደገና መነሣት ይፈልጋል» የሚሉ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ለእኔ ግን ይህ ጥቅሙ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ የተዋሰው ሥልጣንም አብሮ ይቋረጣል። ቢሆንም ሺዙኩ መጫወቻ አይደለም። ለማናውቀው አፕ አንፍቀድ፤ ሥራችንን ስንጨርስም የገንቢ አማራጩን እንዝጋ።

በመድረሳ የተማርነው የፊቅህ መርህ ጉዳትን መከላከልን ጥቅም ከማምጣት ያስቀድማል። ሩት ማድረግ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም፤ ብይን መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነው። የአንድሮይድን ውስጡን መማር የሚፈልግ ሰው ከአገልግሎት በወጣ አሮጌ ስልክ ይሞክር፤ ትልቅ ትምህርት ያገኝበታል። የሌላ ሰው ስልክ ግን አማና ነው። ለጓደኛው ሩት የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚጠፋና ምን እንደማይመለስ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ሳይነግር ከነካው ጉብዝናው ዋጋ የለውም።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።