የጉና ጠባቂ ማን ነው?

«ጉናን የሚጠብቀው ሕግ ከየት ይምጣ?» ሲል አንድ ተማሪዬ ጠየቀኝ። ክርክሩ የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ምክር ቤት ብዙ ወግ አጥባቂ እንደራሴዎች፥ ደኑንና ግጦሹን የሚያውቀው ባላገሩ ስለ ሆነ የፌዴራሉ መንግሥት ደንብ ይቀነስ ይላሉ።

ባላገሩ ማወቁስ እውነት ነው። ነገር ግን ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ ከላይ ይታጠባል፥ ጎርፉም የታችኛውን ገበሬ ማሳ ያጥለቀልቃል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብትን ሕግ ማውጣት በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ፥ በዚያው ሕግ ማስተዳደርን በአንቀጽ 52 ለክልሉ ሰጠ። ክፍፍሉ መልካም ነው፤ ሁለቱም በወረቀት ከቀሩ ግን ጉና ይራቆታል።

ወዳጄ፥ ነገ ከጽሕፈት ቤት ስትቀመጥ፥ ደንቡን ከመጻፍህ በፊት ጉና ወጥተህ እረኛውን፥ ፎገራ ወርደህ ሩዝ ዘሪውን ጠይቅ።