የሙት ልጅ ማሳ በማን እጅ ይቆይ?

በፍላቂትና በዙሪያዋ ባሉት የመቄት ደጋ ቀበሌዎች ወላጆቹ የሞቱበትን ሕፃን ዘመድ ወስዶ ማሳደጉ የቆየ ደግ ልማድ ነው። ይህን እናመሰግናለን። ነገር ግን ልጁ የወረሰው ማሳ ሲኖር፣ እንጀራ ያበላ ሁሉ «መሬቱንም የማዘው እኔ ነኝ» ማለት አይገባውም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ ሁለቱን ሥራ ለይቷቸዋል። አሳዳሪው የልጁን ደኅንነትና አስተዳደግ፣ ሞግዚቱ ንብረቱን ይጠብቃል፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። አባት ቢሞት ሥልጣኑ የእናት ነው፤ የባል ወንድም በእርሷ ላይ አይሾምም። ይህ በብዙ ቤት የሚዘነጋ ነገር ነው! ሁለቱም ከሞቱና በኑዛዜ የመረጡት ሰው ከሌለ ተራው የአያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም የአጎትና የአክስት ይሆናል። እነዚህም ከታጡ ፍርድ ቤት ይሾማል።

ጎረቤት የሚመሰክረው ዝምድና ብቻውን ስለማይበቃ፣ ዘመዶች ሐዘኑ እንዳለፈ ለወረዳው ፍርድ ቤት አመልክተው ማረጋገጫ እንዲይዙ እናሳስባለን። ማሳው ለእኩል አራሽ ተሰጥቶ ብዙ ክረምት ካለፈ በኋላ ምርቱን ማን ይቆጥረዋል? ሞግዚቱም የልጁን እህል ከራሱ ጎተራ ሳይቀላቅል ሂሳቡን በጽሑፍ ይያዝ። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ማሳውን ከነሂሳቡ የሚረከበው ከእርሱ ነው።